ለወላጆች የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እግዜር ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ ጣላት። እሷን አይደለም፣ ልጇን።

ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ልጆቹን ስቀበል የወይዘሮ አስናቀች ልጅ፣ ሶልያና፣ ቦርሳዋን ክርኗ ላይ አንጠልጥላ የግራ እጇን በቀኟ እያከከች መጣች። ጣቶቿን ለየት ለየት አድርጌ አየሁ። በመካከላቸው ጥቃቅን ሽፍታ፤ አንጓዋ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ባለፈው ዓመት ነርሷ ያሳየችን ልክ ይኸው ነበር። እከክ።

ደስ አለኝ። የአምስት ዓመት ልጅ እጅ ይዤ ደስ አለኝ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ አልዋሽም።

ምክንያቱን ልጻፈው፣ አንድ ቀን እኔም ረስቼው ይቅር እንዳልል። ባለፈው ዓመት አባቴ ሞቶ አገሬ ሮብ ገበያ ለቅሶ ሰነበትኩ። ወደ ማርቆስ ስመለስ ከማስተምራቸው ልጆች ሁለቱ ያካሉ። የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አስናቀች የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ትልቅ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት፤ እሷ ስትናገር ሌላው ዝም ይላል። ተነሣችና፣ «እከኩ የመጣው ከመምህርቷ ነው። ለቅሶ ብላ ገጠር ሰንብታ ይዛው ገብታለች። እጇን ታሳየን» አለች። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙላት አንድ ነገር ይላል ብዬ ዞርኩ። ወለሉን ያያል። የሐዘን ልብሴን እጅጌ እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ በወንበሮቹ መካከል አለፍኩ። አንዳንዱ መነጽሩን አውጥቶ አየኝ። አንዲት ቀይ ነጥብ አልተገኘብኝም።

ይቅርታ ያለኝ የለም። በሳምንቱ «ወላጆች ቅር ብሏቸዋል» ተብሎ ክፍሌን ተነጠቅሁ። አሁን ሥራዬ የወላጅ ግንኙነት ይባላል። ማን ምሳውን አልጨረሰም፣ ማን አተኮሰው፣ ማን ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፣ ክትባት መቼ ነው፣ የወላጅ ቀን መቼ ነው፤ በየልጁ የመገናኛ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰማንያ ሁለት ቤት የእኔን ጽሑፍ ያነባል።

ይህን ሥራ ሲሰጡኝ ቅጣት መስሏቸው ነበር።

የቀሩትንም ልጆች እጅ አየሁ። ሌሎች ሦስት አሉ። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ለሲስተር መሠረት ደወልኩ። ነገ ትመጣለች።

ማክሰኞ

አራቱም እከክ ነው። ሲስተር መሠረት አጉሊ መነጽር ይዛ ነው የመጣች፤ ጥርጥር የለም አለች።

ያለችውን እንዳልረሳ፦
ከሰው ሰው የሚያልፈው ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ፣ አብሮ ሲተኛ ነው።
የቆሸሸም የጸዳም አይል።
ሕፃኑ ብቻ ታክሞ ዋጋ የለውም፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ የሚያከውም የማያከውም።
ሁሉም ቤት በአንድ ምሽት መቀባት አለበት። አለዚያ ከአንዱ ሲወጣ ሌላው ጋ ይገባና ዓመቱን ሙሉ ሲዞር ይኖራል።
የተኙበት አንሶላና ልብስ በፈላ ውሃ።
ቅባቱን ጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል።

አቶ ሙላት ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ለአራቱ ወላጆች ብቻ በስልክ እንንገር። ሁሉን ማስደንገጥ ምን ያደርጋል?» አለ። ሲስተር እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳችው። «የማን ልጆች ናቸው?» አለ። አስናቀች የሚለውን ስም ስጠራ ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ።

«እንግዲያማ ጭራሽ አይሆንም።»

«ለሁሉም ሳንነግር ብንቀርና ነገ ሠላሳ ልጅ ቢያክ፣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት» አልኩት። ፈራኝ። እሱን ሲፈራ ማየትም ደስ ይላል። ደብዳቤውን እንድጽፍ ፈቀደ፤ ስም እንዳይኖርበት ብቻ አስጠነቀቀኝ።

ለአራቱ ደወልኩ። ሦስቱ ደነገጡ፣ ጠየቁ፣ አመሰገኑ። አራተኛዋ እሷ ናት።

«የእኔ ልጅ?» አለች። «ቁንጫ ነው የነከሳት። አንቺ ደግሞ ቂምሽን የምትወጪበት አጥተሽ ነው?»

«ሲስተር አይታ ያረጋገጠችው ነው፣ ወይዘሮ አስናቀች። መድኃኒቱን…»

«አንቺ ከእኔ ልጅ እጅሽን አንሺ!» ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው።

ቂም ብላኛለች። ጥሩ። ቂም ምን እንደሆነ ታያለች።

ረቡዕ

ዳታ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የወላጆች ግሩፕ ላይ የሚለቀቅ ነገር የለም። ስለዚህ ወረቀት ነው። በወረቀት ይሻላል። ወረቀት ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ኪስ ይገባል፣ ጎረቤት ያነበዋል።

ከላይ እስከ ታች የሲስተርን ቃል አሰፈርኩ። ሐሙስ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ቅዳሜ ሲመሽ ሁሉም አብሮ መቀባት፣ አንሶላ መቀቀል። ቀጥተኛ ጽሑፍ ነው፤ የሚያፍርበትም የሚኮራበትም የለው። ከዚያ ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦

«እከክ የገጠርም የለቅሶ ቤትም በሽታ አይደለም፤ በሱቅ ሙሉ ጥልፍ መካከል የምታድገውንም ልጅ ይይዛል።»

አራት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ «በሀብታም ቤት» ነበር ያልኩት፤ ሰረዝኩት። «በጥልፍ መካከል» ስል ልቤ ዘለለ። ስም የለበትም። እውነት ነው፣ አንዲት ሐሰት የለበትም። ያን ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ግን ያውቃታል።

አቶ ሙላት ሳያነበው ፈረመ። ሰማንያ ሁለት ቅጂ። በየደብተሩ ውስጥ በገዛ እጄ አስገባሁ፤ የሶልያናን መጨረሻ ላይ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። አከራዬ መሪጌታ ልሳነወርቅ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ቅኔ መምህር ናቸው፤ ጽሑፍ የሚገባው ሰው ይፍረድልኝ ብዬ ትርፏን ቅጂ ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ። መልሰው አነበቡ።

«ሰሙ ደኅና ነው» አሉ። «የሕፃናት ጤና። ወርቁ ነው የከበደኝ። ማን ላይ ነው የጣልሽው?»

«ገባዎት?»

«እኔማ ሥራዬ ነው። ሌላውስ ይገባዋል?»

«እንዲገባው ነው» አልኳቸው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ወረቀቱን አጠፉና መለሱልኝ። «ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«ፊደል ለይታለች?»

ለይታለች። እኔ ነኝ ያስለየኋት፤ ክፍሌን ከመነጠቄ በፊት።

«እንግዲያ እሷም ታነበዋለች» አሉና ዳዊታቸውን አነሡ። የተቆጡም አይመስሉ። ተናድጄ ገባሁ። ሰው ቤት ተከራይቶ ምክር በነፃ ይጨመርለታል ማለት ነው?

ሐሙስ

ድል። ቆጥሬ ልጻፈው።

በር ላይ ስቀበል ሰባት እናቶች በየተራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «የጥልፏ ልጅ ናት አይደል?» አለች አንዷ፤ ሳቋን ይዛ። «ስም አንናገርም» እላለሁ፣ በዓይኔ ግን እናገራለሁ። የአንዱ ልጅ አባት፣ ባንክ የሚሠራው፣ «ባለፈው ዓመት አንቺ ላይ ያደረገችውን አልረሳንም» አለኝ። ያን ቀን መነጽሩን አውጥቶ እጄን ያየኝ እሱ ነው። ቢሆንም ጣፈጠኝ።

ዘበኛችን ጋሽ አበጀ እንኳ፣ «እታለም፣ ዛሬ ፊትሽ በርቷል» አሉኝ።

ይህን እየጻፍኩ የቀረውንም መጻፍ አለብኝ።

ከዕረፍት በፊት ልጆቹ ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ሶልያና መጣች። ከግራዋ ያለችው ልጅ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ከቀኟ ያለውም እንደዚያው። አንዷ፣ «እማዬ አትንኪያት ብላኛለች» አለች፣ በክፋት ሳይሆን ትእዛዝ እንደሚያስታውቅ ሰው። ሶልያና ሄዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገባች። የአሁኗ መምህርታቸው በጓንት ልትይዛት ሞከረች፤ ይብስ ሆነ።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ከቦርሳዋ የመገናኛ ደብተሯን አወጣች። ደብዳቤዬ እንዳጠፍኩት ውስጡ አለ፤ እናቷ አልፈረመችም፣ ደብተሩን ገልጣም አታውቅም። ሶልያና ጣቷን አንድ ቃል ሥር አደረገች።

«ሚስ፣ ይኼ ጥልፍ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ጥልፍ እኮ የእኛ ሱቅ ነው ያለው።»

ማንበቧ ደስ ብሏታል። «ጎበዝ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲስተር መሠረት ደወለች። ከሰማንያ ሁለት ቤት መድኃኒት ሊወስድ የመጣው ዘጠኝ ብቻ። ለአንዳንዶቹ ወላጆች ደወልኩ። «እኛ ምን አገባን? የእሷ ልጅ ናት። ልጃችንን አጠገቧ አታስቀምጡብን እንጂ።» ሌላዋም እንዲሁ። ሌላውም እንዲሁ። በሽታው አንድ ቤት ውስጥ ያለ መስሏቸዋል። እኔ ነኝ እዚያ ቤት ውስጥ ያስገባሁት።

ሲስተር ደብዳቤውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ፣ «ይህን እኔ አልነገርኩሽም» አለች። ተሰናብታኝ ዘጋች።

አሁንም ቢሆን አስናቀች የዘራችውን ነው ያጨደች። ልጅቷ ግን ምን ዘራች?

ዓርብ፣ ኅዳር ሚካኤል

ጠዋት ልጆቹን ተቀብዬ፣ ፈቃድ ጠይቄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ታቦት ወጥቶ ሲዞር ሴቶቹ በኩል ቆሜ አስናቀችን ከሩቅ አየኋት። ልጇን አላመጣችም፤ ትምህርት ቤትም አልላከቻትም። በዙሪያዋ ሰው የለም። ያን ያህል ሕዝብ ተጨናንቆ ቆሞ ሳለ በእሷ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው የሚያቆም ባዶ ቦታ አለ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋ አለፈቻት።

ስንት ጊዜ በሐሳቤ ያየሁት ነው። በዝርዝር አይቼዋለሁ፤ ነጠላዋን እንኳ።

ሕዝቡ ሲበተን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ደስ አለሽ?» ሰላምታም የለ።

ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምላት። ዛሬ አፌ እንቢ አለኝ። «አዎ፣ ደስ ብሎኛል። አንቺ ያን ጊዜ ደስ አላለሽም?»

«እኔ ያደረግሁት ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«እኔም የጻፍኩት ለልጆቹ ብዬ ነው።»

ታቦት በገባበት ቅጽበት ሁለታችንም ቆመን ዋሸን።

«ልጄን ሁለተኛ አታዪያትም» ብላ ዞረች። ስትሄድ አንድ እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነበር፤ ጨርቁ ይንቀሳቀሳል። ታካለች። እሷም ይዟታል።

ለጤና ጣቢያ ልንገርላት ወይ አልኩ። ከዚያ፣ ራሷ ትወቀው አልኩ። ቤቴ ገባሁ። ምሳ በላሁ።

ቅዳሜ

ገበያ ቀን ሆኖ ሱቋ ተዘግቷል። አስናቀች በቅዳሜ ሱቅ ዘጋች ማለት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ብቅ ስል ሲስተር መሠረት መድኃኒቱን በፌስታል አድርጋ፣ «አንቺ ውሰጂላት» አለችኝ። «ለምን እኔ?» ስላት ፌስታሉን ዘረጋችልኝ።

የሄድኩት ለልጅቷ ነው ብዬ ብጽፍ ግማሹ ነው። ግማሹ እናቷን ተሸንፋ ለማየት ነው።

በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጥሩወርቅ።»

ብዙ ቆየ። ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው የበረኪና ሽታ ነው። ዓይን ያቃጥላል። ሶልያና አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ክንዶቿን ከሰውነቷ አርቃ ተቀምጣለች፣ ክንፉ እንደተመታ ወፍ። ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ቀልቷል፤ አንጓዋ አካባቢ ቆዳው ተልጦ ውሃ ይወጣዋል። ለቅሶዋ አልቆ ሳጓ ብቻ ቀርቷል።

«ምን አደረግሽ?»

«በበረኪና አጠብኳት» አለች አስናቀች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «ትላንትም ዛሬም። ይገድለዋል ብዬ ነው።»

«ጤና ጣቢያው እዚህ ታች አይደለም እንዴ! ለምን አልወሰድሻትም?»

«የት? ሰው ሁሉ የአንቺን ደብዳቤ ይዞ የቆመበት ወረፋ ላይ?»

 

ንጹሕ ነጠላ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ክንዷን ሸፈንኩ፤ አቀፍኳት። ከባድ ናት። ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ እናቷ ከኋላዬ ጫማዋን ሳታጠልቅ ስትሮጥ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ። ሶልያና አንገቴ ሥር ገብታ፣ «ሚስ፣ አትተንፍሺብኝ፣ ያቃጥላል» አለች። እየተነፈስኩ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

ሲስተር ብዙ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ቀባችው፣ በፋሻ አሰረችው። ጠባሳ ሊተው ይችላል ወይ ስላት፣ «ቶሎ ነው የመጣችሁ፤ እንጃ፣ እናያለን» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «የአንቺንም ልይ፤ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

አስናቀች ወደ እኔ አየች። እኔ ዞር አላልኩም። ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤ ሽፍታው ከአንጓዋ አልፎ ወጥቷል። አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይኸው ነበር። ጣዕሙን ጠበቅሁት። ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ ናቸው፤ ሱቅ ሳትከፍት በፊት ጥልፍ ጠላፊ ነበረች ይባላል። ሌላ ያየሁት የለም። ጣዕሙ አልመጣም። መቅረቱ ራሱ አናደደኝ።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ሲስተርን አነጋገርኩ። ነገ ጠዋት የልጆቹን ሁሉ እጅ ልታይ ትመጣለች። መቀባቱን ወደ ማክሰኞ እናዛውረው አለች፤ ለአብዛኛው ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚለቀቀው ያን ቀን ስለሆነ አንሶላ ለመቀቀልም ይመቻል።

ለአቶ ሙላት ደወልኩ። ነገ ከሰዓት ወላጆችን ይጥሩልኝ አልኩት።

«ሁለተኛ ስብሰባ? አብደሻል? አስናቀች ብትመጣስ?»

«ትምጣ።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«የጻፍኩትን ላርም።»

«ጥሩወርቅ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ እኮ!» አሁን ገና ማንበቡ ነው መሰለኝ።

«እንቢ ካሉኝ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ለሰማንያ ሁለቱም እየነገርኩ አስገባለሁ። ሳያነቡ መፈረምዎንም ጭምር።»

ፈቀደ። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አስናቀች ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የመታችኝ። እሱን ገና አልጨረስኩትም።

መሪጌታ ግቢው ውስጥ አገኙኝ። «ልጅቱስ?» አሉ። ነገርኳቸው፣ በረኪናውንም። «እንግዲህ ነገ የምትናገሪውን ወርቅ አታልብሺው። እንዳለ ተናገሪው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የጾም መጀመሪያ

አሥራ አንድ ልጆች። ሲስተር ጠዋት ያገኘችው ነው። በሦስቱም ክፍል። ባለፈው ሰኞ አራት ነበሩ።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ያው አዳራሽ፣ ያው ወንበሮች። አስናቀች መጨረሻ ረድፍ ላይ ብቻዋን። ጠረጴዛ ይዤ ተናገርኩ።

«ባለፈው ረቡዕ በላክሁት ደብዳቤ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱን የጻፍኩት ለልጆቻችሁ ጤና ብዬ አይደለም። ቂም ነበረኝ። በእሱ ምክንያት በሽታው የአንድ ቤት መሰላችሁ፣ መድኃኒቱን ተዋችሁት። የአንድ ቤት አይደለም። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ልጆች ላይ ተገኝቷል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። የባንኩ ሰውዬ ብድግ አለ። «የማን የማን ናቸው? ስማቸው ይነገረን!»

የእሱ ልጅ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እግዜር ያውቃል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ስም አልናገርም። ለወላጆቻቸው ለየብቻ እንነግራለን» አልኩ።

ያኔ አስናቀች ተነሣች። ሁሉም ዞረ። ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቴን ሰበርኩ።

«ይህች ሴት ልጄን ለከተማ አሳልፋ ሰጥታለች» አለች። «ልጄ ሜዳ ላይ እጇን የሚይዛት አጥታ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ይቅር አልላትም። ከዚህ ትምህርት ቤት ትነሣ እላለሁ፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

አቶ ሙላት ጻፈ። ለመጻፍማ ፈጣን ነው።

አልተቀመጠችም። «መድኃኒቱን ግን ውሰዱ» አለች። «እኔ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ቤቴን ዘግቼ የልጄን እጅ በበረኪና ላጥኩት። እኔም ራሴ ይዞኛል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።»

ተቀመጠች። ስለ ባለፈው ዓመት አንዲት ቃል አልተናገረችም። ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ የጠበቀ መሰለኝ። አልተናገረችም።

መጀመሪያ የተነሣችው ሐሙስ ዕለት በጆሮዬ የሳቀችው እናት ናት። ወደ ሲስተር ጠረጴዛ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ወረፋው በሩን አልፎ ወጣ። የባንኩ ሰውዬም ተሰለፈ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጠዋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከማኅደሬ ጋር ተያይዟል። ከእንግዲህ ስለ ጤና የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ሲስተር ሳታየው አይወጣም። ትክክል ነው፤ ፈረምኩ። ስለ መባረሬ ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ይነጋገራል። እዚያ ኮሚቴ ላይ ሰብሳቢዋ ማን እንደሆነች መጻፍ አያስፈልገኝም። ከተባረርኩ ሮብ ገበያ እናቴ ዘንድ እገባለሁ፤ ካልተባረርኩ ደግሞ አቶ ሙላትን ፊት ለፊት ክፍሌን መልስልኝ እለዋለሁ፣ በሰው ፊት።

ሰባ አራት ቤት መድኃኒት ወስዷል። ለቀሩት ስምንቱ ስደውል ዋልኩ፤ ስድስቱ እሺ አሉ፣ አንዱ ስልክ አያነሣም፣ አንዷ ባሌን ልጠይቅ አለች። አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አሥር መስመር። ሲስተር አንብባ አንድ ኮማ ብቻ ጨመረች።

ሶልያና ዛሬም አልመጣችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየግቢው ጭስ ወጣ፤ ውሃ እየፈላ ነው። የመሪጌታ ጎረቤት ልጅ እኛ ዘንድ የሚማር ነው፤ ከግንቡ ወዲያ «ይሸተኛል!» እያለ ሲጮህና እናቱ ስታሳድደው ሰማሁ። ቅባቱ ዲን ዲን ይላል። ከዚያ ስልኬ ጀመረ። ለጡት ልጅስ ይሆናል? የመሬት ምንጣፍም ይቀቀላል? አያትየው አልቀባም አሉ፣ ያናግሯቸው። አያትየውን አናገርኩ። ተቀቡ።

አንድ ሰዓት አካባቢ የእሷ ቁጥር መጣ። ቁጥሩን ከስልኬ አጥፍቼው ነበር፤ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ፊቷንም ልቀባት?» አለች። ማን እንደሆነች አልተናገረችም።

«አይ። ከአንገት በታች ነው። ክንዷ ላይ ሲስተር ፋሻውን እስክትፈታው አትንኪው።»

«እሺ።» አልዘጋችም። «እኔ ከቅዳሜ ጀምሬ እየተቀባሁ ነው። አሁንም ያሳክከኛል። አልሠራም ማለት ነው?»

«ሠርቷል። ተባዩ ከሞተም በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ያሳክካል።»

«ሦስት ሳምንት?»

«አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም ያልፋል። ሲስተር ናት ያለችኝ።»

ዘጋችው። ደኅና እደሪ አላለችም፤ እኔም አላልኳት።

ከዘጋች በኋላ ሶልያና እንዴት እንደዋለች አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። መልሼ ልደውል ቁጥሩን ስነካ ሌላ ወላጅ ደወለ።